የልጄ ላስት ኔም

ደብዳቤው ሬክስዴል ሰፈር ያለው ቤቴ የደረሰኝ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። ልጄን ካናዳ ለማምጣት ለኢሚግሬሽን ቢሮ የሞላሁት ፎርም መልስ ነበር፦ የልጅቷ ላስት ኔም ከእርስዎ ጋር አይመሳሰልም፤ ልጅዎ መሆኗን ያስረዱ። ደሜ ፈላ። የሷ ላስት ኔም እኮ የኔው ስም ነው፤ የኔ ደግሞ የአባቴ። ከዚህ በላይ ምን ይመሳሰል? ቢሮው ኮል አድርጌ ባስረዳም ስልኩን ያነሳችው ሴትዮ «ይገባኛል ሰር» እያለች ያንኑ ትደግምልኛለች።

ፋብሪካ አብሮኝ ዕቃ የሚያሽግ አንድ ሸምገል ያለ ቱርክ ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ደብዳቤውን አሳየሁት። የሱ ላስት ኔም መጨረሻው «ኦግሉ» ነው፤ ልጅ ማለት ነው፤ ሲተረጎም የብረት ቀጥቃጭ ልጅ። በአባቱ ዘመን ነው አሉ መንግሥት ቤተሰብ ሁሉ የቤት ስም ያውጣ ብሎ ያዘዘው። አባቱ ይህን መረጠ። ሌላ ከተማ የነበረውን አጎቱን ግን ጸሐፊው «አለት» ብሎ መዘገበው። የአንድ እናት ልጆች በወረቀት ባዳ ሆኑ። አጎቱ ሲሞት አባቱ ወንድሙ መሆኑን ለማስረዳት ምስክር ፍለጋ ስንት ተንከራተተ።

«ከወረቀት ጋር አትከራከር» አለኝ። «የልጅቷን ላስት ኔም እንዳንተ አስደርገው።»

የቸገረው እርጉዝ ያገባል። አዲስ አበባ ልጄን ለምታሳድግልኝ እናቴ ደወልኩ። «እማዬ፣ ቀበሌ ሂጂና የልጅቷ መጨረሻ ስም የአባዬ ይሁን በያቸው» አልኳት። ሄደች። የቀበሌው ጸሐፊ ታዲያ መጨረሻ ስም የሚባል ነገር ከየት ይወቀው? የልጄን ስም ጻፈ፣ ቀጥሎ የአባቴን። የኔን ዘለለው። የአባት ስም በሚለው ቦታም አባቴን አስገባ። እኔም ሳላየው ወረቀቱ ከዚያው ወደ ኢሚግሬሽን ቢሮው ተላከ።

ሁለተኛው ደብዳቤ መጣ። ላስት ኔሙ አሁን ተመሳስሏል። ነገር ግን በወረቀቱ መሠረት የአንድ አባት ልጆች ናችሁ፤ እህት እንደ ልጅ አትመጣም፤ ፋይሉ ተዘግቷል። ማንን ልስደብ? ጸሐፊውን? ቱርኩን? ያስጻፍኩት ራሴ ነኝ። ምንም የማደርገው ነገር አልነበረኝም።

እሑድ ደወልኩ። ልጄ ሰባት ዓመቷ ነበር። አያቷ ነግራታለች መሰለኝ፣ ስልኩን ከእጇ ተቀበለቻት።

«በወረቀቱ ወንድሜ ነህ አሉ» አለችኝ። «እንግዲህ ጋሼ ልበልህ?»