ልጄን እንዲያስቀርልኝ የገዛሁት ላፕቶፕ

በ1985 ዓ.ም. ዕድሜዬ አርባ አራት ነበር። ከመሐል ሜዳ የወጣሁት ጎህ ሳይቀድ ነው፣ ገብስ በጫነ መኪና፣ ጆንያው ላይ ተቀምጬ። ባለቤቴ እጅጋየሁ ዳቦ ቆሎ በጨርቅ ቋጥራ አቀበለችኝ፤ ጨለማ ስለነበር ፊቷን በደንብ ሳላየው መኪናው ተነሳ። ብርዱን እናንተ እዚያ መንዝ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ጆሮ ይቆርጣል። ያን ቀን ረገምኩት። አሁን እዚህ ጅጅጋ ሚያዝያ ላይ በላብ ተነክሬ ስነቃ፣ ያንን ብርድ በጠርሙስ የሚልክልኝ ሰው ባገኘሁ እላለሁ።

የመኪና ሸራ ሰፊ ነኝ። መንግሥት ሲለወጥ የምሰፋላቸው ሰዎች ተበታተኑና ሥራ ጠፋ። አንድ ሾፌር፣ “ጅጅጋ ነፋሱ የስንቱን መኪና ሸራ ይቀድዳል፣ የሚሰፋ ግን የለም” አለኝ፤ እኔም አምኜው ሄድኩ። ስለ ነፋሱ አልዋሸኝም።

የዝሆኖቹን አገር ባቢሌን አልፈን ኬላ ላይ ፈታሹ ቦርሳዬን ዘርግፎ የሸራ መርፌዬን አነሳ።

“በዚህ ዝሆን ነው የምትሰፋው?”

“ከተቀደደና ከከፈለኝ እሰፋዋለሁ።”

ስቆ ይለቀኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን ከመኪናው አስወርዶ፣ ፀሐይ ላይ አስቀምጦ የራሱን ወንበር ጨርቅ አሰፋኝ፤ ስጨርስ “ተባረክ” እንኳ አላለኝም። እንግዲህ በዚህ አገር የመጀመሪያ ደንበኛዬ እሱ ነው።

ጅጅጋ ቤት ያከራየችኝ ሳህራ የምትባል ባል የሞተባት ሶማሌ ናት። ግቢዋ ውስጥ አምስት ክፍል አለ፣ ቆጣሪው ግን አንድ ነው።

“ስንት ናችሁ?” አለችኝ።

“አሁን አንድ ነኝ። ኋላ ሚስቴ ትመጣለች።”

“ምጣድ ይዛ ነው?”

“ኧረ እሷ ራሷ ትምጣልኝ!”

“ሚስት ትግባ። የመብራት ምጣድ አይገባም። ምድጃም አይገባም። አንድ አምፖል፣ እሱም ትንሹ።”

በዚያ ቤት ይኸው ሃያ አራተኛ ዓመቴን ያዝኩ። መጀመሪያ ሰሞን የሰፈሩ ሰው ሲነጋገር ሁሉ የተጣላ ይመስለኝና ልገላግል እነሳ ነበር። እኛ መንዞች ቂማችንን ዝም ብለን ነው የምንይዘው፤ እነሱ ጮኸው ይጨርሱና ሻይ አብረው ይጠጣሉ። ሩዝ በሙዝ መብላት ለመልመድ ስድስት ወር ፈጀብኝ። የግመል ወተት ወዲያው ወደድኩ። እጅጋየሁ መጣች፣ ሰብለን እዚህ ወለደች፣ ልጅቷ ስምንተኛ ክፍል ስትደርስ እናቷ አረፈች። ከዚያ ወዲህ እኔና ሰብለ ሁለት ነን። ሁለት ብል ሳህራ ትቆጣለች፤ ሰብለን ያሳደገቻት በግማሽ እሷ ናት። ሰብለም እዶ ሳህራ ትላታለች፣ አክስት ማለታቸው ነው።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። ሰብለ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የቤት ንድፍ ተማረች። ቤቱን በኮምፒዩተር ትሠራዋለች፣ ከነበሩ፣ ከነጥላው፣ ገብተህ የምትቀመጥበት ነው የሚመስለው። ዘንድሮ መስከረም አዲስ አበባ ያለ አንድ ቢሮ ሥራ ሰጣት። ሁለት ምርጫ ነው ያቀረቡላት፦ ወይ መጥታ በእነሱ ኮምፒዩተር ትሠራለች፣ ወይ የራሷ ጠንካራ ላፕቶፕ ካላት ጅጅጋ ሆና እየሠራች በኢንተርኔት ትልካለች። ይህን ስትነግረኝ ሁለተኛውን ብቻ ነው የሰማሁት። “ነገውኑ እንገዛለን” አልኳት። የቆጠብኩት ነበር። ለምን እንደቆጠብኩት አላውቅም ነበር፣ ያን ቀን አወቅኩት።

ከድንበሩ ከቶጎ ውጫሌ በኩል የሚገባ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ሄድን። ሻጩ አብዲ ሁለት አወጣ። አንዱ ቀጭን ነው፣ እንደ ትሪ። ሌላው ጥቁር ወፍራም፣ ሲከፍቱት ቁልፎቹ ቀይና አረንጓዴ እየሆኑ የሚበሩ።

“አዴር፣ ይሄ ጌሚንግ ነው” አለኝ። አዴር ትልቅ ሰው ሲጠሩ ነው፣ አጎቴ እንደማለት።

“ጌሚንግ ምንድነው?”

“ጨዋታ ነዋ! ጦርነት፣ ኳስ፣ የመኪና ውድድር…”

“ልጄ ጦርነት የላትም። ቤት ነው የምትሠራው።”

“ዋላሂ ጦርነት የቻለ ቤት አያቅተውም!”

ሰብለ መመርመር ጀመረች። እዚያ ላላችሁ ልጆች ይጠቅም ይሆናል ብዬ ነው የምጽፈው። መጀመሪያ የተለጠፈበትን ወረቀት አታምንም። የወፍራሙ ወረቀት ራም የሚሉት ማስታወሻው አሥራ ስድስት ነው ይላል፤ ከፍታ ውስጡን ብታይ ስምንት። አብዲ፣ “ወረቀቱ ከሌላ ተለጥፎበት ነው” አለና ፈትቶ የጎደለውን ጨመረላት። ስክሪኑን ነጭ አድርጋ የሞተ፣ የማይበራ ነጥብ እንዳለው ፈለገች። ማጠፊያውን ደጋግማ ከፈተች፣ ዘጋች። ከዚያ ከፍላሿ መፈተኛ ፕሮግራም አውጥታ ሁለቱንም ግማሽ ሰዓት አስሮጠቻቸው። ቀጭኑ ሲሞቀው እየተጎተተ መጣ። ወፍራሙ እንደ ወፍጮ እየጮኸ ሳይዘገይ ጨረሰ።

“ይሄ ታሟል፣ ያተኩሰዋል” አልኩ።

“አባዬ፣ ጤነኛ ስለሆነ ነው። ሙቀቱን እያስወጣ ነው” አለችኝ።

እኔ ደግሞ በእጄ መዘንኩ። ቀጭኑን በብብት ይዘውት የሚሮጡበት ነው። የወፍራሙ ቻርጀር ብቻውን ጡብ ያህላል። ባትሪውስ ስል አብዲ ትንሽ አፈረ።

“አዴር አልዋሽህም፣ ሥራ ላይ ከሆነ ከአንድ ሰዓት አያልፍም። ከግድግዳ ጋር ነው የሚኖረው።”

እሱ ነውር የተናገረ መስሎት ነው፤ እኔ ግን ደስ አለኝ። ከግድግዳ ጋር የሚኖር ዕቃ ነው የፈለግኩት።

“ቀጭኑ እኮ ለመያዝ ይመቻል” አለች ሰብለ። “ሥራውም ቢሆን ቀስ እያለ ይሠራዋል።”

“የት ልትወስጂው?”

ቀጭኑን ለአብዲ መለሰችለት። እኔም እሺታ ነው ብዬ ወፍራሙን አስጠቀለልኩ።

ቤት ገብተን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥነው። ውስጡ ያለው ሁሉ በዓረብኛ ስለነበር፣ ደግሞም ማን ምን እንደጫነበት አይታወቅም ብላ፣ ከሥሩ አጥፍታ አዲስ ዊንዶውስ ልትጭንበት ነው። ፍላሹን ሰካች፣ አጠፋችው፣ አብርታው አንድ ቁልፍ ጠበቅ አድርጋ ያዘች። ከዚያ ያ ማሽን እንደ ኬላ ሰው መጠየቅ ጀመረ። በምን ቋንቋ? የፊደሉ ገበታ የማን? ያለው ይጥፋ ወይስ ይቆይ? “ይጥፋ” አለች፣ ጠፋ። ከዚያ በመቶ ስንት፣ በመቶ ስንት እያለ መቁጠር ያዘ። ማራገቢያው ጮኸ።

ስልሳ ምናምን ላይ መብራቱ ድርግም አለ። ማሽኑ በባትሪው ቀጠለ፣ ግቢው ግን ጨለመ። የሳህራ ኮቴ ተሰማኝ። እሷ በፍሪጅ በረዶ እየሠራች ነው የምትሸጠው።

“አንተ ተሰማ! ምጣድ አስገብተሃል!”

“ምጣድ የለም።”

“ድምፁ ከመንገድ ይሰማል! ፊውዙ ወደቀ፣ ፍሪጄ ቆመ!”

ገብታ አልጋ ሥር አየች። ከዚያ የሚብለጨለጩትን ቁልፎች አየች።

“ይሄ ምንድነው? ሠርግ ነው?” በመዳፏ ነካችውና እጇን ሰበሰበች። “ዋላሂ ምድጃ ነው! እንቁላል ይጠበስበታል!”

“ጥበሺበት። ከበሰለ ኪራይ ጨምሪ።”

“እጨምራለሁ! ሁለቱ አብረው አይሠሩም፤ ወይ ፍሪጄ ወይ ይሄ!”

“ሳህራ፣” አልኳት፣ “ይሄ ከሠራ ሰብለ አትሄድም። ካልሠራ አዲስ አበባ ትሄዳለች።”

ሰብለን አየቻት። ሰብለ አንገቷን ደፍታ የማሽኑን ቁጥር ታያለች። ሳህራ ወጣች፤ ስትሄድ አይቻት ተከተልኳት፣ የፍሪጇን ገመድ ነቀለች፣ ፊውዙን መለሰች። ግቢው በራ። ከዚያ መጥታ የበራችን ደፍ ላይ ተቀመጠች።

“ስትጨርስ ንገሩኝ” አለች።

ማሽኑ ጠፍቶ በራ፣ እንደገና ጠፍቶ በራ። አገራችንን ጠየቀ፣ ሰብለ ኢትዮጵያን መረጠች። ሰዓት ሲመጣ የናይሮቢ የሚል ነው የያዘላት።

“ናይሮቢ ማን አለን?” አልኩ።

“ሰዓታችን አንድ ስለሆነ ነው፣ አባዬ።”

“ቢሆንስ፣ ሰው በገዛ ሰዓቱ ነው እንጂ!” ስል ሳህራ ከደፋችን ሳቀች።

ቀጥሎ የባለቤቱን ስም ጠየቀ። “ሰብለ ተሰማ” ብላ ጻፈች። ተከፈተ። የስዕሉን ካርድ የሚያሠራውን ፕሮግራም ከስልኳ ኢንተርኔት አወረደችለት፤ ሸካራው ምስል ጠራ። “ሠራ!” ብዬ አጨበጨብኩ። ልጄ ግን አታጨበጭብም፤ ደፋችን ላይ ያለችውን ሴትዮ ታያለች። ከፍሪጁ ሥር ውኃ ግቢው ላይ እየወረደ ነበር።

“እዶ ሳህራ፣” አለች፣ “ፍሪጅሽን ሰኪው።”

“አልጨረሽም እኮ።”

“ሰኪው። እኔ እሄዳለሁ።”

“መብራቱ ተስተካከለ አይደል?” አልኩ። “ሳህራ እሺ አለች፣ ማሽኑ ሠራ፣ ምን ቀረ?”

“ምንም አልቀረም፣ አባዬ። መሄድ ስለምፈልግ ነው። ሱቁም ውስጥ ልነግርህ ነበር፣ ደስ ብሎህ ሳይ አፌ ተያዘ።” ዓይኗ ሞላ። “ሰው ሲሠራ አጠገቡ ተቀምጬ ማየት እፈልጋለሁ። እዚህ ከማን ልማር?”

ሳህራ ከደፉ ተነሳች። “አሁን ነው የምትነግሪኝ? በረዶዬ ሾርባ ከሆነ በኋላ?” ብላ ጮኸችባትና በሁለት እጇ ጭንቅላቷን ይዛ ደረቷ ላይ አስጠጋቻት። ሁለቱ በሶማልኛ ብዙ ተባባሉ። እኔ ሶማልኛ እሰማለሁ፤ ያንን ግን እንዳልሰማሁ ሆንኩ።

“ማሽኑስ?” አልኩ።

“ይዤው ነዋ የምሄደው።”

“ከባድ ነው።”

“እሸከመዋለሁ።”

በማግስቱ ጠዋት ሰብለ ሳትነሳ ላፕቶፑን ከነቻርጀሩ ቦርሳ ውስጥ ከትቼ በትከሻዬ አነገትኩና እስከ መናኸሪያ በእግሬ ሄድኩ። ምን ያህል እንደሚከብዳት ላውቅ ነው። መንገድ ላይ ደጋግሜ አረፍኩ። ማንገቻው አንገት ሥር ይቆርጣል። መናኸሪያው ግንብ ላይ ተቀምጬ መሐል ሜዳ ለእህቴ ለስንዱ ደወልኩ።

“በጠዋት ምን ሆንክ?” አለች ደንግጣ።

“ደህና ነኝ። ሰብለ አዲስ አበባ ልትሠራ ነው። ለገና ወደ እናንተ ትወጣለች።”

“እልል! ልጃችንን ልናያት ነው! አንተስ? አንተስ አትመጣም?”

የነፋሱ ድምፅ ስልኩ ውስጥ ገባ። እዚህ ይሁን እዚያ አልለየሁትም።

“የምሰፋው ሸራ ይዣለሁ” አልኳት። “ስሚኝ ስንዱ፣ አውቶቡሱ ሲደርስ ወርደሽ ጠብቂያት። ጎረምሶቹንም ይዘሽ ውረጂ። ዕቃዋን ተቀበሏት።”

“ምን ይዛ ነው?”

“እኔ የመረጥኩላት ነው” አልኳት። “ይከብዳል።”