አራተኛው ምት

ጫማ ሰፊው አርባን የተሻገረ ሰው ነው። ሸሚዙ እስከ አንገቱ ተቆልፏል፣ እርሳሱ ጆሮው ላይ ተሰክቷል፣ ጣቶቹ በማስቲሽ ጠቁረዋል። ጡረተኛዋ መምህርት አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ታየዋለች፤ ተረከዙ የተነቀለው ጫማዋ እሱ እጅ ላይ ነው።

የሚሠራውን ሥራ በካርቶን ቁራጭ ላይ ጽፎ ጫማው ላይ ያስራል። ከመጻፉ በፊት ግን በመዶሻው እጀታ ጠረጴዛውን ይመታል።

“ተ፣ ረ፣ ከ።” ሦስቴ መታ፤ ሦስት ፊደል ጻፈ። ከዚያ ግንባሩን ቋጠረና እንደገና፣ አሁን ቀስ እያለ መታ።

“ዝ! አንቺ ደግሞ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ታመልጪኛለሽ” ብሎ ፊደሏን ተቆጣት።

መምህርቷ ሳቀች። እሱም ሳቀ።

“ልጅ ሆኜ ሰነፍ ነው ተብዬ ትምህርቴን ተውኩ፣ እማማ። ለካ ጭንቅላቴ ደህና ነው፤ ድምፆቹ ናቸው ጆሮዬ ላይ የሚደራረቡብኝ። ልጄም በእኔው ወጣችና አስተማሪዋ ቃሉን በጭብጨባ እየከፋፈለች አሳየቻት። አሁን እሷ ስታጨበጭብ እኔ ስመታ፣ ቤታችን ሠርግ ቤት መስሏል።”

መምህርቷ የኋላ ወንበር ላይ አስቀምጣ “ቶሎ በል እንጂ!” ስትላቸው የኖረቻቸው ልጆች ፊት ድቅን አለባት።

“አስቆየሁዎት” አለና ሌላ ካርቶን አነሳ። “ስምዎን ማን ብዬ ልጻፍ?”

ስሟ ረጅም ነው። ሠላሳ ዓመት ስታስተምር አንድም ቀን ያልወጣት ቃል ከአፏ ወጣ።

“ቀስ ብለህ ምታው ልጄ፤ አልቸኩልም።”