ጨፌው ውስጥ የለቀቅኳቸው ዓሦች

ይህን ነገር ለንስሐ አባቴ እንኳ ነግሬ አላውቅም። ትንንሹን ኃጢአት ሁሉ እዘረግፍና እዚህ ስደርስ ሆድ ይፍጀው ብዬ እዘለዋለሁ። ዛሬ ለእናንተ ልናገር ነው። ለምን ለእናንተ? አታውቁኝማ። አያችሁ፣ አሁንም የምመርጠው የሚቀለኝን ነው።

ከአሰላ ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ አካባቢ አንድ ጥብቅ ጨፌ አለ፤ ውሃ ያቆረ፣ ቄጠማ የሞላበት ረግረግ ነው። እኔ የዚያ ጨፌ ባለሙያ ነበርኩ። የውሃው መውጫ በር ቁልፍ በእኔ እጅ ነበር። ክረምት ላይ እዘጋዋለሁ፣ በጋ ላይ እከፍተዋለሁ፤ ጨፌው ሲጎድል ሣሩ እንደገና ይበቅላል። ወደ ጨፌው የሚገባውን ወንዝ ደግሞ ከላይ ያሉት ገበሬዎች ለድንችና ለነጭ ሽንኩርት በቦይ ይጠልፉታል። ማን መቼ እንደሚጠልፍ ተራ የሚያወጡት ኦቦ ቃሲም የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። አባ ላጋ ይሏቸዋል፣ የውሃ ዳኛ እንደ ማለት ነው። በእሳቸው ዘመን በውሃ የተነሳ ዱላ የተማዘዘ ሰው አልነበረም።

ወንድሜ አሰላ ውስጥ ምግብ ቤት ነበረው። ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ለሊቃውንቱ እተወዋለሁ፤ የወንድሜ ደንበኞች ግን በጾም ዓሣ ይላሉ፣ ዓሣው ደግሞ ከቆላው ሐይቅ ተጭኖ እስኪመጣ ይበላሻል። ሲያማርር ሰማሁትና «እኔ አለሁልህ» አልኩት። ቆላ ወረድኩ፣ ካርፕ የሚባለውን ከውጭ አገር የመጣ ዓሣ ጫጩት በጀሪካን ጭኜ ወጣሁ፣ ጥበቃው ቤተ ክርስቲያን በሄደበት እሑድ ጨፌው ውስጥ ለቀቅኩት። እኔ ነኝ የለቀቅኩት። አላውቅም ነበር አልልም። ከውጭ የመጣ እንስሳ ማስገባት ክልክል ነው የሚለውን ሰሌዳ ያስተከልኩት ራሴ ነኝ።

በጋ መጣ። በሩን ብከፍተው ዓሦቼ ሊያልቁ ነው። ስለዚህ አልከፈትኩትም። ሰው ሲጠይቀኝ ለወፎቹ ብዬ ነው አልኩ። ዓሦቹም ተባዙ፣ ወፈሩም። ካርፕ ምግቡን የሚፈልገው የውሃውን ወለል እየቆፈረ ነው። ውሃው ድፍርስ ጠላ መሰለ። የቄጠማው ሥር እየተነቀለ ላዩ ላይ ይንሳፈፍ ጀመር፤ የጨፌው የራሱ ትንንሽ ዓሦች ጠፉ፣ ወፎቹም መምጣት ተዉ። ለበዓል ቄጠማ አጭደው አሰላ የሚሸጡት ሴቶች ማጭዳቸውን ይዘው መጥተው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። በዓይኔ አየሁ። ምክንያቱንም አውቅ ነበር። ታዲያ ምን አደረግኩ? ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ።

ሴቶቹ ጮኹና ስብሰባ ተጠራ። ጨፌውን ማን አበላሸው ተባለ። በዚያው ዓመት ኦቦ ቃሲም አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ከወንዙ አዲስ ቦይ እንድትቆፍር ፈቅደውላት ነበር። አንዱ ተነስቶ ጭቃው ከዚያ ነው የመጣው አለ። ሌላውም ደገፈው። ያኔ ኦቦ ቃሲም ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ?»

ዓይኔን በጨው ታጥቤ መለስኩላቸው። «አዎ፣ ኦቦ። ደለሉ የመጣው እርስዎ በፈቀዱት ቦይ ነው።»

አልተከራከሩኝም። እንደዚህ ያለን ሰው እንዴት ይዋሹታል? ቢሰድቡኝ በተሻለኝ ነበር። ከአባ ላጋነታቸው ተነሱ፣ የሴትዮዋ ቦይ ተደፈነ፣ ድንቿም ማሳው ላይ ደረቀ። እሳቸው ግን በዚያ አላበቁም። እንደ አገሩ ወግ እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ቄጠማ ሻጮቹን በየቤታቸው እየዞሩ ይቅርታ ጠየቁ። በመጨረሻ ቢሮዬ መጡ። ሣሩን በሁለት እጃቸው ዘረጉልኝ። ተቀበልኩ። እኔ፣ ያደፈረስኩት እኔ፣ ሣሩን ተቀብዬ «ይቅር ብያለሁ» አልኳቸው። ዓሦቹን ከለቀቅኩበት ቀን ይልቅ ይህን ቀን ነው የምፈራው።

ከዚያ በኋላ በሩን ከፈትኩት። ጨፌው ጎደለ፣ ዓሦቹ ጭቃ ላይ አለቁ፣ አሞራ በላቸው። በሚቀጥለው ክረምት ውሃው ጠራ፣ ቄጠማውም ቀስ በቀስ ተመለሰ። ሰዉም «አያችሁ፣ ቦዩ ሲደፈን ጠራ» አለ። ኦቦ ቃሲም ራሳቸው እንዲያ አሉ። በገዛ ጥፋታቸው ላይ የቀራቸው ጥርጣሬ እንኳ ቢኖር ያን ዕለት አለቀ። ያጸዳሁት ጨፌውን ነው ወይስ ወንጀሌን? እናንተ ፍረዱ።

ስንት ስብሰባ ላይ እጄን ላወጣ አስቤ አውርጄዋለሁ። ሥራዬን አጣለሁ አልኩ፣ ወንድሜ ይዋረዳል አልኩ፣ ነገሩ አልፏል አልኩ። ለእኔ ነው ያለፈው። እሳቸው ገበያ ሲወጡ ሰው የሚያነሳው ስለ ውሃው ብቻ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት የዳኙትን ማንም አላነሳላቸውም። እናም ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅር ሊሉኝ የሚችሉት ሰው ሳያውቁ ሞተዋል።

ለቅሶ ሄጄ ነበር። ልጃቸው ዘይነባ ከሴቶቹ መሃል ተነስታ መጣችና አቀፈችኝ።

«አባቴ እስኪሞት ድረስ ሲመርቅሽ ነበር» አለችኝ። «ሰው ሁሉ ከኋላዬ ሲያማኝ፣ እውነቱን ፊት ለፊት የነገረችኝ እሷ ብቻ ናት ይል ነበር። አላህ ይስጣት ይል ነበር።»

ሰዉ ሁሉ እኔን ያያል። ያኔ ልነግራት ይገባ ነበር፤ አፌንም ከፍቼ ነበር።

«አሜን» አልኩ።