የቀኙ ገመድ

ባለቤቴ ጠዋት ቢሮ ሲገባ ካፖርቱን እንኳ ሳያወልቅ መዳፉን እሱ ከሚጠብቀው ዋና ኮምፒውተር፣ ከሰርቨሩ ጀርባ ይዘረጋ ነበር። ማሽኑ ኃይል የሚሰጡት ሁለት ፓወር ሰፕላይና ሁለት ገመድ አለው፤ ከሁለቱም እኩል ነፋስ መውጣቱን በእጁ ይለካል። ከዚያ ዞሮ በርጩማ ላይ ይቀመጥና መረጃውን የያዙትን የአራቱን ሃርድ ዲስኮች መብራት ያያል። አረንጓዴ ከሆነ ደህና ነው፣ ብርቱካናማ ከሆነ ታሟል። ልጅ አልነበረንም። ለምሳ ሲመጣ በር ላይ ጭቃውን እየጠረገ «ደህና ናቸው» ሲለኝ ስለ እነማን እንደሚያወራ አልጠይቀውም።

መሥሪያ ቤቱ ሚዛን ተፈሪ ነበር፤ ቴፒና ጌጫ ቅርንጫፍ አለው። የቡና ገበሬዎች የመሬት ይዞታ መዝገብ ሁሉ በዚያ ማሽን ውስጥ ነው። ማሽኑ ከአዲስ አበባ ተጭኖ የመጣ ቀን አለቃው ሠራተኛውን ሰብስቦ ባለቤቴን አስቆመው።

«ይህ ዕቃ ከሞተ አንተም አብረኸው ትወጣለህ» አለው። ሰው ሳቀ። ባለቤቴም አብሮ ሳቀ፤ ማታ ግን እራት አልበላም።

ሚዛን ዝናቡ አያባራም። ያላወጡት ጫማ ሻጋታ ያበቅላል፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ያለ ልብስ እርጥብ እርጥብ ይሸታል። ሰርቨሩ ያለበት ክፍል ብቻ ኤሲ ስለነበረው ደረቅና ቀዝቃዛ ነው። በዚህ ምክንያት ሁሉም ወደደው። አንዱ የማር ገንቦውን፣ ጸሐፊዋ የክት ጫማዋን፣ አለቃው ከገጠር የመጣለትን ቅቤ እዚያ ያስቀምጣሉ። ባለቤቴ ያወጣል፣ እነሱ መልሰው ያስገባሉ። የንብረት ክፍል ኃላፊው ነበር ዋናው አሿፊ።

«ዶክተር፣ በሽተኛህ እንዴት አደረ?»

«አንዱ ዲስክ ሞቷል። ምትክ ይገዛ ብዬ ጠይቄአለሁ።»

«ሌሎቹ እየሠሩ አይደል? በል እርምህን አውጣ።»

ለእኔ ቤት ውስጥ ያስረዳኝ እንዲህ ብሎ ነው፦ «ከሸኮ ገጠር በሽተኛ በቃሬዛ ሲመጣ አይተሽ የለ? አራት ሰው ይሸከመዋል። አንዱን ቢያዳልጠው ሦስቱ ያደርሱታል። ሁለተኛው ከወደቀ ግን በሽተኛው መሬት ነው።» ምትኩ ዲስክ ሳይመጣ ወራት አለፉ። ብርቱካናማዋ መብራት እንደበራች ቀረች፤ እሱም በየጠዋቱ ፊቷ እየተቀመጠ ያያታል።

የፋሲካ ሰሞን ሠራተኛው ለቅርጫ በሬ ገዛ። ባለቤቴን በዚያው ሳምንት የተበላሸ ኮምፒውተር እንዲጠግን ቴፒ ላኩት። ቅዳሜ በሬው ግቢ ውስጥ ታረደ፤ መደቡ ሳይከፋፈል ዝናቡ መጣ። ሥጋውን ይዘው ወዴት ይግቡ? ዘበኛው ቁልፍ ነበረው። በሬውን ቆራርጠው በኮባ ቅጠል ላይ፣ ሰርቨሩ እግር ሥር ደረደሩት። የአለቃውንም ማቀዝቀዣ ከነመጠጡ ተሸክመው አስገቡ። ሶኬት ሲታጣ የንብረት ክፍል ኃላፊው ከማሽኑ ጀርባ አንዱን ገመድ ነቀለ። ዘበኛው «ጋሼ፣ ያ ይነካል እንዴ?» ቢለው «ሁለት አለው፣ አንዱ ይበቃዋል» ብሎ መለሰለት። ይህን ከበዓሉ በኋላ ዘበኛው ራሱ ቤቴ መጥቶ ነገረኝ፤ እኔም ለባለቤቴ ነገርኩት። በተጠራው ግምገማ ላይ ግን አፉን አልከፈተም፤ የሚያሳድጋቸው ልጆች ነበሩት።

ከሰዓት በኋላ መብረቅ ወረደ። መብራት ጠፋ፣ መጣ፣ ደግሞ ጠፋ። ብቻውን የቀረው ፓወር ሰፕላይ ተቃጠለ፤ ሌላ አንድ ዲስክ ደግሞ ከዚያ በኋላ አልተነሳም። ሁለተኛው ተሸካሚ ወደቀ ማለት ነው፤ የገበሬዎቹ መዝገብም አብሮ ጠፋ። እነሱ የቃጠሎውን ሽታ ሲሰሙ ገመዱን ወደ ቦታው መለሱ፣ ሥጋውን ተከፋፈሉ፣ ወለሉን አጠቡ። የእኛን ድርሻ የንብረት ክፍል ኃላፊው ራሱ በፌስታል አምጥቶ ሰጠኝ። ቀዝቃዛ ነበር። ባለቤቴ ምሽቱን ከቴፒ ደክሞት ገባ፤ በፋሲካ ማለዳ አብረን በላነው። ቢሮ ሄዶ መዳፉን ከማሽኑ ጀርባ የዘረጋው ከበዓሉ በኋላ ነው። ነፋስ አልነበረም።

ግምገማ ተጠራ። እያንዳንዱ እየተነሳ ስለ ባለቤቴ ድክመት ተናገረ። ጸሐፊዋ ከባልደረቦቹ ጋር እንደማይቀራረብ ተናገረች፤ ጫማዋን ያወጣባትን አልረሳችም። እሱ «ገመድ ተነቅሎ ነበር» ሲል የንብረት ክፍል ኃላፊው ተነሳ።

«የተነቀለ ገመድ አላየሁም። ዶክተሩ በሽተኛው ሲሞት አስታማሚ ይከስሳል። ሥጋውንስ አልበላህም? ቀዝቃዛ መሆኑን ስታይ የት ዋለ ብለህ ለምን አልጠየቅክም?»

ሳቁ። ከጅማ በኩል የመጣ፣ ሙስሊም የሒሳብ ሠራተኛ ብቻ ነበር እጁን ያወጣው። ቅዳሜ ጃንጥላውን ሊወስድ ገብቶ ማቀዝቀዣው በማሽኑ ሶኬት ላይ ተሰክቶ እንዳየ ተናገረ። አለቃው ቀና ብሎ አየው።

«አንተ ቅርጫው ውስጥ ነበርክ?»

«አልነበርኩም።»

«እንግዲያ ያልነበርክበትን አትመስክር።»

በዚህ ተዘጋ። ባለቤቴ ግለ ሂስ አውርድ ተባለና ቆሞ «ክትትሌ ደካማ ነበር» አለ። ማታ ይህን ሲነግረኝ ቃሉን ሁለቴ ደገመው፤ አንዴ ለእኔ፣ አንዴ ለራሱ።

ጌጫ መጋዘን አዛወሩት። ደረቱ ድሮም ደካማ እንደነበር ያውቃሉ። ጌጫ ደጋ ነው፤ ጉሙ ረፋድ ድረስ አይገለጥም፣ መጋዘኑ ደግሞ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ነው። ለእረፍት ሲመጣ ከምግብ በፊት መዳፉን ደረቱ ላይ ያሳርፍ ጀመር። ምን ሆንክ ስለው «ምንም» ይለኛል። በሁለተኛው ክረምት ሳል ጠናበትና በመኪና አመጡልኝ፤ ሚዛን ሆስፒታል ገብቶ ከዚያ አልወጣም።

ዕድሩ ድንኳን ተከለ፤ ቅርብ ሰው ሳሎን፣ ሌላው ውጭ ተቀመጠ። በሣልስቱ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ መጣ። ሠራተኛው ለለቀስተኛ ለስላሳ አዋጥቶ ኖሯል፤ የንብረት ክፍል ኃላፊው ከሌላ ሰው ጋር ተጋግዞ ያንኑ ማቀዝቀዣ ሳሎኔ ውስጥ አቆመው። ቤቴ ያለው ሶኬት አንድ ነው። በእሱ ላይ የባለቤቴ ፎቶ አጠገብ ያኖርኳት ትንሽ መብራት ተሰክታ ነበር። እጁን ዘርግቶ ነቀላት።

«ለፎቶው ሻማ ይበቃዋል» አለ፤ ክፋት ያሰበ አልመሰለኝም። እንዲህ ያለ ሥራ ለምዶታል።

ከፍራሹ ተነሳሁ። ሴቶቹ ልወድቅ መስሏቸው ክንዴን ሊይዙ ሞከሩ። የማቀዝቀዣውን ገመድ ነቀልኩና መብራቷን መልሼ ሰካሁ። ገመዱን በእጄ እንደያዝኩ ጠየቅኩት።

«ያኔ የነቀልከው የትኛውን ነበር? የግራውን ነው የቀኙን?»

«የቀኙን» አለ፣ ሳያስበው።

ሁሉም ሰማ። ጸሐፊዋ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። የሒሳብ ሠራተኛው አንገቱን ደፋ። የንብረት ክፍል ኃላፊው ፊቱን ወደ አለቃው አዞረ፤ እኔም አብሬ አየሁት። አንድ ቃል ቢናገር፣ ባሌ ጥፋት የለበትም ቢል፣ ይበቃኝ ነበር።

አለቃው ጋቢውን አስተካከለ።

«ሐዘን ነው» አለ ለሰዉ። «ተዉአት።»

ተዉኝ። ጨዋታቸው ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ ስለ ዝናቡና ዘንድሮ ስለሚጠበቀው ቡና ተወራ። ለስላሳውን ሞቅ እንዳለ ጠጥተው፣ «እግዜር ያጥናሽ» እያሉ ተራ በተራ ወጡ። ማቀዝቀዣቸውንም ይዘው ሄዱ።