ካርታው እንዳለው

ሕዝቅያስ ሀዋሳ ሐይቅ ላይ ጀልባ መንዳት ከጀመረ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኖታል። በሐይቁ ዳር ያለችው የቡሹሎ ልጅ ነው። ጉማሬ የት እንደሚወልድ፣ ዓሣ የት እንደሚረባ፣ የሸምበቆ ደሴቶቹን ነፋስ ወዴት እንደሚገፋቸው ያውቃል። ደሴቶቹ መሬት አልያዙም፤ ይንሳፈፋሉ። ዘንድሮ እዚህ የታየው ለከርሞ ማዶ ነው።

ይህን ሁሉ ለኢዮብ አሳየው። ኢዮብ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው፤ የሐይቁን ዳርቻና ደሴቶች ካርታ ልሠራ ነው ብሎ መጣ። አሥራ አራት ወር ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ አብረው ዞሩ።

«ጋሽ ሕዝቅያስ፣ ይቺ ቦታ ምን ትባላለች?»

ሕዝቅያስ በሲዳምኛ ስሟን ይነግረዋል፤ ኢዮብ ይጽፋል። ምሳቸውን ከአንድ ሳህን ይበሉ ነበር። «ስምዎ ከስሜ ጎን ይወጣል» ብሎ የማለው ራሱ ኢዮብ ነው። ሕዝቅያስ አልጠየቀውም ነበር።

ካርታው የተመረቀ ዕለት ሕዝቅያስ የሠርግ ኮቱን ለብሶ፣ ሚስቱን ገበያነሽን ይዞ ወደ ዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ሄደ። በር ላይ የቆመችው ልጅ ስሙን ከዝርዝሩ አጣችው። ኢዮብ በዚያ ሲያልፍ አያቸው።

«የጀልባችን ሹፌር ነው። ከሹፌሮቹ ጋር ምሳ ይሰጠው» ብሏት ገባ።

ካርታው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ በመስኮት ይታያል። ገበያነሽ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። የኢዮብ ስም ብቻ ነው።

«እንሂድ» አለችው።

ምሳውን ሳይቀምሱ በባጃጅ ተመለሱ። ጉዳዩን የሰሙ የቤተ ክርስቲያን ወንድሞች መጥተው ይቅር በለው አሉት። አብሯቸው ጸለየ፤ ይቅር ግን አላለም። ገበያነሽ ተወው ስትለው፣ «ይመጣል» ይላታል። «ሐይቁ እዚሁ ነው፣ እኔም እዚሁ ነኝ። ይመጣል።»

በዓመቱ መጣ። ካርታውን ካሳተመው መሥሪያ ቤት፣ ከአዲስ አበባ የመጡ አራት እንግዶችን ይዞ ነበር፤ አለቃቸው ወይዘሮ ሮማን የሚባሉ ሽበታም ሴት ናቸው። ተራው የባልደረባው የሱሌይማን ጀልባ ነበር። ሕዝቅያስ ሱሌይማንን ለምኖ ተራ ተለዋወጠ።

ቡሹሎ አካባቢ ሲደርሱ ኢዮብ ካርታውን ዘረጋ። «አንተ፣ በደሴቱና በዳርቻው መሃል ግባ» አለው።

አንተ ሲለው የመጀመሪያው ነው።

«እሺ ዶክተር። ካርታው ላይ መንገድ አለ?»

«አለ። በስተግራ ነው።»

ሕዝቅያስ በስተግራ ገባ። ደሴቱ በክረምቱ ነፋስ ተገፍቶ መንገዱን እንደዘጋው ከማንም በላይ ያውቃል። ሸምበቆው ሞተሩን ያዘው፤ ሕዝቅያስም አጠፋው። ስልሳ እርምጃ ራቅ ብሎ ሁለት ጉማሬዎች ብቅ ብለው አጓሩ። በቀትር ከዚያች ቦታቸው እንደማይነሡም ያውቃል። ይህን ለማንም አልተናገረም።

«ምንድን ነው የሆነው?» አሉ ወይዘሮ ሮማን።

«ዶክተር ይንገሩን። እኔ ሹፌር ነኝ።»

ኢዮብ ካርታውን አዟዟረው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሽ ሕዝቅያስ፣ እባክዎን» አለ።

«ካርታውን ማን ሠራው?»

«እኔ…»

ጉማሬው እንደገና አጓራ።

«ቦታዎቹን ያሳየዎት ማን ነው?»

«እሱ ነው» አለ ኢዮብ፣ ወደ እንግዶቹ ዞሮ። ከዚያ አንገቱን ደፋ። «እሳቸው ናቸው። እያንዳንዷን ቦታ ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው።»

የሕዝቅያስ ደረት ዓመት ሙሉ ያላገኘውን አየር ሳበ። ያዘነው ለወይዘሮ ሮማን ብቻ ነው፤ የጀልባውን ጠርዝ ጨምድደው ይዘው ከንፈራቸው ደርቋል። ለእሳቸው ሲል ተነሣ። ሸምበቆውን ከሞተሩ ላይ ቆራርጦ፣ ጀልባውን በእንጨት ወደ ኋላ ገፍቶ አወጣቸው።

ወይዘሮ ሮማን ሲወርዱ ስሙን ጠይቀው ጻፉ።

ከአምስት ወር በኋላ ኢዮብ አዲስ የታተመ ካርታና አንድ ፌስታል ብርቱካን ይዞ ሕዝቅያስ ቤት መጣ። የሕዝቅያስ ስም ከስሙ ጎን ተጽፏል። ሕዝቅያስ በሩ ላይ ቆሞ ካርታውን ተቀበለ። ብርቱካኑን መለሰለት። ግባ አላለውም።

«አሁንስ ቂሙ አልወጣልህም?» አለችው ገበያነሽ በሩ ሲዘጋ።

«አልወጣልኝም» አላት። ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ በተሳሳተ ፊደል የተጻፉትን የቦታ ስሞች በእስክሪፕቶ ያርም ጀመር።