ዓይን አውጣው ሬሳ

ኒውዮርክ ውስጥ ኦርቪል ስታውትን የማያውቅ ተዋናይ አልነበረም፤ የሚወደው ግን አላጋጠመኝም። ተመልካቹ ፊቱን እንጂ ስሙን አያውቀውም። ዕድሜ ልኩን ዳኛ፣ መጠጥ ቀጂ፣ ባቡር ጣቢያ ኃላፊ፣ ቀብር አስፈጻሚ ሲሆን ኖሯል። እኔም ብሆን የሌላ ሰው ሚስት፣ የሌላ ሰው ጎረቤት እየሆንኩ ነው እንጀራዬን የበላሁት፤ ስለዚህ በሥራው አልንቀውም። የምንቀው ሌባ ስለሆነ ነው።

የሚሰርቀው የሰው ተራ ነበር። ሌላው ሲናገር፣ የተመልካቹ ዓይን ወደ እሱ እንዲዞር እንቁላል ይልጣል። ሌላው ሲያለቅስ እሱ መነጽሩን ይወለውላል። ያኔ ድራማ በቀጥታ ነበር የሚተላለፈው፤ የተሳሳተ ሰው ተሳሳተ ነው፣ መመለሻ የለውም። ከካሜራዎቹ መሃል አናቱ ላይ ቀይ መብራት የበራበት የሚያነሳውን ነው አገር የሚያየው። ጨዋ ተዋናይ መብራቱን እንዳላየ ያልፋል። ኦርቪል ግን ሥጋ ቤት በር ላይ እንደቆመ ውሻ ዓይኑን ከዚያ አይነቅልም፤ መብራቱ ወደ በራበት ቀስ እያለ ይጠጋል።

አንድ ክረምት፣ በየሳምንቱ አዲስ ታሪክ በአዲስ ሰዎች የሚያሳይ ፕሮግራም ሁለታችንንም ቀጠረን። ታሪኩ ከማይታወቅ እንግዳ አንድ ሰዓት ዕድሜ ስለገዛ ሰዓት ሠሪ ነው። ሰውዬው የገዛትን ሰዓት ከሚስቱ ጋር ሲጨቃጨቅ ያባክናትና ይሞታል። ሰዓት ሠሪው ኦርቪል፣ ሚስቱ እኔ። መጨረሻው የእኔ ነበር፤ ሬሳው ላይ ተደፍቼ አለቅሳለሁ፣ ካሜራው ፊቴን እንደያዘ ታሪኩ ያልቃል።

ድራማው በሚተላለፍበት ምሽት ኦርቪልን የሚያይ ሰው ነበር። ሆባርት የሚባል የካሊፎርኒያ አዘጋጅ የካውቦይ ተከታታይ ፊልም ሊጀምር ስለሆነ የመንደሩን ባለሱቅ የሚሆንለት ሰው ይፈልጋል። ቋሚ ሥራ ነው። ሳምንት በመጣ ቁጥር የሰው በር እያንኳኳ ለሚኖር ተዋናይ ከዚህ በላይ ምን አለ? ኦርቪል ይህን ሲነግረኝ፣ ከእንግዲህ ማንንም አልለምንም አለኝ።

ሐቁን ልናገር፤ ሲሞት ጥሩ አድርጎ ሞተ። እንደ ልማዱ ሞቱን እንደ ማስቲካ አልጎተተውም። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ ማጉያ መነጽሩን አስቀመጠ፣ በቃ፣ ሄደ። ደነገጥኩ። እንባዬ ሳልጠራው መጣ፤ በዚህ ሰው ላይ ማልቀሴ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ጉንጬን ከፊቱ አጠገብ ደረቱ ላይ አስደግፌ ሳለሁ የአንዱ ካሜራ ጎማ ሲጢጥ ሲጢጥ እያለ ወደ እኛ መጣ። የኦርቪል ደረት ሲወጠር ተሰማኝ። «ተው» አልኩት በጥርሴ መሃል። አልተወም። ሬሳው ግራ ዓይኑን ገለጠ፣ መብራቱን ፈለገ፣ መልሶ ጨፈነ።

መብራቱ በርቶ ነበር።

ሥርጭቱ እንዳለቀ ዳይሬክተሩ የሚያውቀውን ስድብ ሁሉ አወረደበት። ኦርቪል ፊቱ አመድ መስሎ፣ «አመለጠኝ ዊኒ፣ መብራቱ ይብራ አይብራ ማየት ፈልጌ ነው» አለኝ። አዘንኩለት ማለት ይቻላል።

በማግሥቱ ጋዜጣው ምን ቢል ጥሩ ነው? የተገዛችው ሰዓት ገና አላለቀችም የምትል ያቺ ዓይን ፀጉር ታቆማለች አለ። ስለ እኔ እንባ አንዲት ቃል የለም። ረፋዱ ላይ ስህተቱ ብልሃት ሆነ፤ ምሳ ሰዓት ላይ ኦርቪል ሲያስብበት የከረመ ጉዳይ ሆነ። ዓይን አውጣ ይሉሃል ይህ ነው።

ከሰዓት በኋላ፣ ሥራ የሌለን ተዋናዮች በአንድ ስኒ ቡና በምንውልበት፣ ቡናና ምሳም በሚሸጠው የስድስተኛው ጎዳና መድኃኒት ቤት፣ ከባንኮኒው ፊት ተቀምጠን ሳለ ሆባርት መጥቶ ከኦርቪል ጎን ተቀመጠ። ነገር አላዞረም።

«ኦርቪል፣ አሟሟትህን ወድጄዋለሁ። ዓይንህ ግን አምልጦህ ነው ወይስ ሆን ብለህ?»

ኦርቪል ለመመለስ አፉን ሲከፍት ሆባርት ቀጠለ። «አምልጦህ ከሆነ ምንም አይደል፣ ሥራው ያንተ ነው። የእኔ ባለሱቅ ሌላው ሲያወራ ባቄላውን እየመዘነ ዝም የሚል ሰው ነው። ሞቶ እንኳ ከምታለቅስ ሴት ላይ ካሜራ የሚነጥቅ ሰው አይሆነኝም።»

ከዚህ በላይ እንዴት አድርጎ ያጉርሰው? ኦርቪል ወደ እኔ ዞረ። ብንቀውም በክርኔ ጎሰም አደረግኩት።

«እውነቱን ለመናገር፣ ሚስተር ሆባርት…» ብሎ ጀመረ።

ይህን ጊዜ ቡና ቀጂው ማንቆርቆሪያውን እንደያዘ አፍጥጦ አየው። «እንዴ! ዓይኑን የገለጠው ሬሳ አንተ አይደለህም እንዴ? እናቴ እኮ ፈርታ መብራት አብርታ ነው ያደረችው።»

የኦርቪል ፊት ሲበራ አየሁት። «ሳምንት ሙሉ የተለማመድኳት ናት» አለ። «ላሳይህ?»

አገጩን ደረቱ ላይ ጥሎ ሁለቱንም ዓይኖቹን ጨፈነ። አልቸኮለም፤ ቡና ቀጂው ትንፋሹን እስኪውጥ ጠበቀ። ሆባርት ቡናውን ሳይጨርስ ተነሣ፣ ኮቱን ለበሰ፣ ለእኔ በአንገቱ ሰላምታ ሰጥቶ ወጣ። ኦርቪል ያቺን ዓይኑን ሲገልጥ አጠገቡ ያለው ወንበር ባዶ ነበር፤ ቡና ቀጂው ግን ያጨበጭብለት ነበር።