ሰው የማይችል ጭቃ

ጎንደር ከተማ የአፈር ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። ለመንገድና ለሕንፃ የታሰበ መሬት ምን ያህል ክብደት እንደሚችል እለካለሁ። ሰው የተቀበረበትን ጭቃ የለካሁት ግን አንድ ቦታ ብቻ ነው።

ነሐሴ ነበር። ከደባርቅ ወጣ ብሎ ባለ አንድ መንደር፣ ዝናብ የጠገበው ተረተር ተንዶ አንድ ቤት ዋጠ። ቤት ውስጥ የነበረችው ከአባቷ ጋር የምትኖር ሴት ናት፤ አባትየው ለፍልሰታ ቅዳሴ ሄደው ነበር። የመንደሩ ሰዎች ሊቆፍሩ ቢገቡ ጭቃው እስከ ወገባቸው ዋጣቸው። አንዱን በገመድ ጎትተው ነው ያወጡት። ሰው መግባት ይችል እንደሆነ እንድለካ እኔ ተላክሁ።

ጠርዙ ላይ ሳንቃ አንጥፌ ተንበረከክሁ። መሣሪያዬ ጫፉ ላይ አራት ክንፍ ያለው ዘንግ ነው፤ ጭቃው ውስጥ ሰክተው ሲያዞሩት፣ ጭቃው ምን ያህል እንደሚታገል መርፌው ያሳያል። አዞርሁት። መርፌው ንቅንቅ አላለም ማለት ይቻላል። ቀጥዬ በጣሳ ቀድቼ ሳንቃው ላይ ደፋሁትና ጣሳውን አነሳሁ። እንደ አጥሚት ተዘረጋ።

አባትየው ነጠላቸውን አደግድገው ከኋላዬ ቆመዋል።

«እንዴት ነው ልጄ? ሸጋ ነው?»

«ሰው አይችልም፣ አያ። የገባ ይሰምጣል። የተቆፈረውም ወዲያው ይሞላል። ዝናቡ እስኪያቆም፣ ጭቃው እስኪረጋ መጠበቅ ነው።»

«ምነው? እሷስ እስከዚያ?»

ዘንጉን በሣር መጥረግ ጀመርሁ፤ ከጠራም በኋላ እጠርገው ነበር።

ኅዳር ላይ ተመልሼ ስለካው ጭቃው ጠንክሯል። ጎረቤቱ ሁሉ ዶማና አካፋ ይዞ ወጣ። ሲቆፍሩ ውለው የቤቱን መሠረት አገኙ። ከመሠረቱ ድንጋይ በቀር ምንም አልነበረም።

«ወዴት ወሰዳት?» አሉኝ አባትየው።

ጭቃው ያን ቀን እንደ ጎርፍ መውረዱን፣ ቤቱን ነቅሎ ከታች ወዳለው የገብስ ማሳ መሄዱን ነገርኋቸው። የት እንዳሳረፋት ግን ማወቅ እንደማልችል አልደበቅኋቸውም። ቁልቁል ማሳውን ሲያዩ ቆዩ።

«ይብቃ» አሉ በመጨረሻ። «ሰው አደከምን።»

ካህናት መጥተው ፍትሐቱን ወደ ማሳው ዞረው አደረሱ። ማሳው የአባትየው የራሳቸው ነው። ከዚያ ወዲህ አላረሱትም፤ ሌላ መሬት እንደሌላቸው የሰማሁት በኋላ ነው።

ክረምት ሲገባ ይደውሉልኛል። «እዚህ ዝናቡ በርትቷል። ያ ጭቃ ዳግም ይነሣ ይሆን?» ይላሉ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሳይለኩ አይመለስም፤ እኔ ግን «አይነሣም፣ አያ» እላቸዋለሁ።

ባለፈው ሐምሌ ስለ ጭቃው አልጠየቁኝም። ልጃቸው በሕፃንነቷ ነጎድጓድ ስትሰማ ጋቢያቸው ውስጥ ትደበቅ እንደነበር አጫወቱኝ።